ሳብራ የተባለችው የእንግሊዝ መኪና

የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሲነሳ ብዙዎቻችን ጃጓርን፣ ሎተስን፣ ቢበዛ ኤምጂን እንጠራለን። ሪላያንት የሚል ጥቂት ነው። ነገር ግን ከምንኖርበት ከእስራኤል ጋር ታሪኳ የተሳሰረው ስፖርት መኪና የዚህ ፋብሪካ ሥራ ናት። ዘንድሮ ስለ እሷ ልንጽፍ የወደድነውም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሪላያንትን በ1935 በእንግሊዝ ታምዎርዝ ከተማ የመሠረተው ቶም ዊሊያምስ ነው። ሥራ የጀመረው በባለ ሦስት ጎማ የጭነት መኪና ነበር። ባጃጅ ያየ ሰው ቅርጹ ይገባዋል፤ አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። በእንግሊዝ ባለ ሦስት ጎማ መኪና ግብሩ ዝቅ ያለ ስለሆነና በሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ስለሚነዳ፣ ብዙ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ይገዛው ነበር። ሀብታሙ ግን ይስቅበት ነበር።

የሚሳቅበት ፋብሪካ ግን አንድ ትልቅ ሙያ ነበረው። የመኪና ቦዲ ከቆርቆሮ ለመሥራት በጣም ውድ የሆነ መጭመቂያ ማሽን ያስፈልጋል። ሪላያንት ከ1956 ጀምሮ ቦዲውን በፋይበር ግላስ ሠራ። ሠራተኞች የመስታወት ጭረቱን ቅርጽ ማውጫው ላይ እያነጠፉ በሙጫ ያጠጡታል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። ትንሽ ፋብሪካም መኪና መሥራት ቻለ ማለት ነው።

ይህን ሙያ የፈለገው ይጽሐቅ ሹቢንስኪ ነበር። ሃይፋ ውስጥ አውቶካርስ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፣ በሪላያንት እርዳታ ሱሲታን ሠራ። ቦዲዋን ግመል በላት እየተባለ እስከ ዛሬ የሚቀለድባት ሱሲታ ማለታችን ነው። ሹቢንስኪ ግን አሜሪካ ድረስ የሚሸጥ መኪና ፈለገ። ለንደን በተደረገ የመኪና ትርኢት ላይ አሽሊ የተባለ ድርጅት የሠራውን ቦዲና ሌስሊ ባላሚ የነደፈውን ሻንሲ አየ። ሁለቱን አጋጥሞ መኪና እንዲያደርግለትም ሪላያንትን ጠየቀ።

ሞተሯ ባለ 1.7 ሊትር የፎርድ ሆነ፣ ካምቢዮዋ የጀርመኑ ዜድ ኤፍ። በሚያዝያ 1961 ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ስትታይ ስሟ «ሳብራ ስፖርት» ነበር። ሳብራ እሾሃማው በለስ ነው፤ እዚህ አገር የተወለደ ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል። የመጀመሪያዎቹ ሳብራዎች ግን የተሠሩት ሃይፋ ሳይሆን ታምዎርዝ ነው!

ገበያው አልቀናትም። ኤምጂና ትራያምፍ ስም ባተረፉበት አሜሪካ አዲስ መጤ በቀላሉ አይገዛም። ጥቂት መቶ ያህል ተሠርታ ቆመች። ሪላያንት ግን ትምህርቱን አልጣለውም። ያችኑ መኪና «ሴበር» ብሎ ለእንግሊዞች ሸጠ፤ በ1962 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ጨመረላት። በ1964 «ሲሚተር» ተከተለች፤ ስሟ በእኛ ቋንቋ ሾተል እንደ ማለት ነው። በ1968 የወጣችውን ሲሚተር ጂቲኢ ደግሞ ልዕልት አን ራሷ ነዳቻት፤ ከአንድም ብዙ ገዛች። ባለ ሦስት ጎማ እየተባለ ሲሳቅበት የነበረው ፋብሪካ ቤተ መንግሥት የገባው በሃይፋ ትእዛዝ በተጀመረ መንገድ ነው።

እንግሊዞቹ ስለ ሴበር ሲያወሩ ሃይፋን ይዘላሉ፤ እዚህ ስለ ሳብራ ሲወራ ታምዎርዝ ይረሳል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እዚህ ተወልደን ሳብራ ብንሆንም «ከየት ነህ? ከየት ነሽ?» እንባላለን። ወላጆቻችን የጎንደሩን ወይም የትግራዩን ኑሮ፣ የሱዳኑን መንገድ ያውቃሉ፤ እኛ ደግሞ የዚህን አገር ትምህርት ቤትና ሠራዊት። እነሱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይናገራሉ፣ እኛ በዕብራይስጥ እንመልሳለን፣ መሃል ላይ ብዙ ነገር ይወድቃል።

ሳብራ ሻንሲዋና ሞተሯ ከሌላ አገር መምጣቱ ስሟን ሐሰት አላደረገውም። የመጣችበትን መናገርም ከክብሯ አይቀንስም። ስለዚህ ወጣቶች፣ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፣ እንጻፈው። ወላጆችም ሆይ፣ «ምን ያደርግልሃል» ብላችሁ አትዝለሉብን። የጎደለችን ግማሽ እናንተ ጋ ናት።