ከቱርቦው በላይ

ስሙማ! አባይ በረሃን የወረደ ሰው ይረዳኛል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው አቀበት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ጤፍ የጫነ አንድ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ፒክአፕ ያን አቀበት ጨርሶ አፋፉ ላይ ሲቆም፣ ከሥሩ ዘይት ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፈተ። ቱርቦው በዘይት ርሷል። ሞተሩን ሲያስነሳው ደግሞ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተነሣ።

አዲስ አበባ የገባበት ጋራዥ ነገሩን ባጭሩ ቆረጠው፤ «ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር።» ሾፌሩ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ዋጋ ቢጠይቅ ያገለገለውም አልቀመስ አለው። ያለ ቱርቦ ልሥራ እንዳይል ደግሞ አገሩ ደጋ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት የቱርቦ ሐሳብ፣ በጭሱ ኃይል አየር ጠቅጥቆ ለሞተር ማጉረስ፣ እንደኛ ላለ ደገኛ ትልቅ ውለታ ነው።

እዚያው ሶማሌ ተራ ሰዎች አንድ አዛውንት መካኒክ ጠቆሙት። እሳቸው መፍቻ አላነሡም።

«ጋሼ፣ ቱርቦው ነው አሉኝ።»

«ልጄ፣ ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ ንፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያየኸው የደረሰበትን ነው። በል መጀመሪያ እንጠበው።»

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በናፍጣና በብሩሽ ፈተጉት፣ በኮምፕሬሰር አደረቁት፣ ከዚያ የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት። አስነሥተው እስኪሞቅ ጠበቁና በባትሪ ብርሃን ከላይ ጀምረው ወደ ታች አዩት። ነጩ ዱቄት በሦስት ቦታ ጠቁሯል፤ ከሞተሩ አናት ከቴስታታው ክዳን ኋላ፣ ከዘይት መለኪያው አንገት፣ ከቱርቦው የዘይት መመለሻ ቱቦ ጋስኬት።

«ሦስቱም ባንድ ጊዜ አያረጁም። ከውስጥ የሚገፋ አለ» አሉ።

በየትኛውም ሞተር ውስጥ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ከሥር ወዳለው የዘይት ቋት፣ ወደ ኮፓው፣ የሚወርድ ጋዝ አለ። መተንፈሻው ከቴስታታው ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄድ የጎማ ቱቦ ነው። መካኒኩ የዘይት መሙያውን ከፍተው የላስቲክ ጓንት አሰሩበት፤ ሞተሩ እየሠራ ጓንቱ እንደ ላም ጡት ተወጠረ። ቱቦውን ከክዳኑ ነቀሉት፤ ጓንቱ ሟሸሸ። ይህን ፈተና እወደዋለሁ። የፒስተን ፋሻው ያለቀ ሞተር ቢሆን ኖሮ ቱቦው ተነቅሎም ጋዙ ይጎርፍ ነበር፤ አሁን ግን ጥፋቱ የቱቦው ብቻ እንደሆነ ታወቀ። ቱቦው ሲጨመቅ ጥቁር ዝቃጭ ተፋ።

ታዲያ ቱርቦውን ምን አረጠበው? ዘይት ወደ ቱርቦ የሚገባው በቀጭን ቱቦ፣ በፓምፕ ግፊት ነው፤ የሚመለሰው ግን በሰፊ ቱቦ፣ በክብደቱ ብቻ። ኮፓው በጋዝ ከታፈነ ዘይቱ መውረጃ ያጣል። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከረውን ዘንግ በሁለቱ ጫፍ የሚጠብቁት ደግሞ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ የተኛ ዘይት አያቆሙም። እሱ ነው ወደ አየር ማስገቢያው ሾልኮ ሰማያዊ ጭስ የሆነው።

መካኒኩ ዘንጉን በጣታቸው ነቀነቁት። ጥቂት ተወዛወዘ፤ በዘይት ላይ ተንሳፎ የሚዞር ነውና ይህ ጤና ነው። ክንፎቹ ግድግዳውን አልነኩም። ያን ቱርቦ ለመጣል የፈረደ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢነካው ምን ነበረበት!

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ፤ አዲስ መተንፈሻ ቱቦ፣ የክዳኑና የመመለሻው ጋስኬት፣ የመለኪያው አንገት ጎማ፣ ለቀጭኑ ቱቦ ብሎን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ። ልጁ ቁልፍ ሊያዞር ሲል ግን እጁን ያዙት። ከቱርቦው የሚወጣውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ነበር። የናፍጣ ሞተር እሱን ከሳበ እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል፤ ያኔ ቁልፍ ቢያጠፉትም አይጠፋም፣ እየጮኸ ራሱን እስኪሰብር ይሮጣል። ፈትተው ገለበጡት፣ አጥበው አደረቁት፣ መለሱት።

ሞተሩ ተነሣ። የቀረው ጭስ ጥቂት ቆይቶ ጠራ። ጓንቱ አልተወጠረም፤ ዳግም የተነሰነሰው ፓውደርም በሦስቱም ቦታ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«አቀበት ወጥተህ ስትቆም ቶሎ አታጥፋው። ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ እንዳያርር።»

«እሺ ጋሼ» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ጭነት ፍለጋ ወጣ።