ሙቀት የማያጠብበው ቁና

እስቲ ስሙኝማ። ነገሩ የሚጀምረው ከደጀን አፋፍ ነው። ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ በረሃውን ሊወርድ ሲነሣ ጋቢውን ያልተከናነበ መንገደኛ የለም። ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷ አጥንት ይገባል። አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን መንገድ ወርዶ ዓባይ ሲደርስ፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ድልድይ አጠገብ፣ ጋቢው ተጠቅልሎ ጭን ላይ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደናላ! አየሩ ደግሞ በየሺህ ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይሞቃል።

እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት በዚያ መንገደኛ ኪስ ውስጥ ስላለችው ስልክ ነው። ስልኳ ቻርጅ ስትደረግ፣ ባትሪዋ ለምሳሌ 4.2 ቮልት ገደማ ሲደርስ «በቃ» የሚል ዕቃ ውስጧ አለ። ሞባይል ጠጋኞች ቻርጂንግ አይሲ ይሉታል። «በቃ» ለማለት ግን መለኪያ ያስፈልጋል፤ ጤፍ ያለ ቁና አይሰፈርም። የቢቸና ገበያ ቁና ሞጣም ቢወስዱት፣ ዓባይ በረሃም ቢያወርዱት ያው ቁና ነው። አይሲው የሚሠራበት ሲሊከን ግን እንዲህ ያለ ቁና በተፈጥሮው የለውም። አንድ የሲሊከን ዳዮድ ላይ ከረንት ቢሰዱበት 0.65 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግን ወደ 2 ሚሊቮልት ይቀንሳል። ሙቀት ሲነካው የሚጠብ ቁና ማለት ይህ ነው።

ዳዮዱ ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ፣ ከደጀን እስከ ድልድዩ ባለው የሙቀት ልዩነት ብቻ 3 ከመቶ ያህል ይዛነፍ ነበር። በበረሃው ሙቀት ተስተካክላ የተሠራች ስልክ ደጀን ላይ ብርድ ሲነካት ባትሪዋን 4.3 ቮልት ድረስ ትገፋው ነበር። ለባትሪ ይህ ትንሽ አይደለም፤ ዕድሜውን ያሳጥራል፣ ሲብስም ያሳብጠዋል።

ዱሮ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ዜነር የሚባለው ዳዮድ ነበር። ጥሩ መለኪያ የሚሆነው ግን 6 ቮልት አካባቢና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ለትንሽ ባትሪ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዴቪድ ሂልቢበር የተባለ የፌርቻይልድ ኩባንያ መሐንዲስ ሌላ መንገድ አሳየ። መንገዱን አደባባይ ያወጣው ግን ቦብ ዊድላር ነው።

ዊድላር እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ! እ.ኤ.አ. በ1937 ክሊቭላንድ ተወለደ። ሃያ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በአንድ ቺፕ ላይ ያረፈ አምፕሊፋየር ሠርቶ ነበር። አልሠራ ያለውን ዕቃ በመዶሻ አድቅቆ ነበር የሚገላገለው። ቢሮው ገብቶ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ሲኖር በቀጭን ድምፅ የሚጮህ መሣሪያ ሠርቶ አስቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የሚሠራበት ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ወጪ ለመቆጠብ ብሎ የግቢውን ሣር ማሳጨድ ሲተው፣ ዊድላር በግ በመርሴዲሱ ጭኖ አመጣና ሣሩ ላይ አሰማራው። የጎጃም እረኛ ቢሰማ ትክክል አደረገ ይላል።

አሁን ወደ ብልሃቱ ልግባ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሁለት ትራንዚስተሮች ውሰዱ፤ አንዱ የሌላው ስምንት እጥፍ ይስፋ። እኩል ከረንት ስደዱባቸው። በጠባቡ ላይ ከረንቱ ይጨናነቃል፣ በሰፊው ላይ ይላላል፤ ስለዚህ የሁለቱ ቮልት ይለያያል። ልዩነቱ 27 ዲግሪ ላይ 54 ሚሊቮልት ያህል ነው። እያንዳንዳቸው ሙቀት ሲነካቸው ይቀንሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከሙቀቱ ጋር ያድጋል! እንግዲህ ሙቀት ሲነካው የሚሰፋ ሌላ ቁና ተገኘ። ይህ ሁለተኛው ትንሽ ስለሆነ በሬዚስተር አሥራ አንድ እጥፍ ያህል ያሳድጉትና ከመጀመሪያው ላይ ይደምሩታል። አንዱ የሚያጎድለውን ሌላው ይሞላል። ድምሩ 1.25 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ብርድም መጣ ሙቀት ብዙም አይነቃነቅም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ዕቃ ለብቻው የማይታመን ነው፤ አንዱ ይቀንሳል፣ አንዱ ይጨምራል። የታመነው መለኪያ የወጣው ከእነዚሁ ከሁለቱ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ከዚህ የሚበልጥ ፈጠራ አላውቅም።

ዊድላር ይህን አስገብቶ ኤልኤም 109 የተባለውን፣ 5 ቮልት አስተካክሎ የሚሰጠውን ባለ ሦስት እግር አይሲ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ፣ በ33 ዓመቱ፣ ሥራውን ለቆ ሜክሲኮ ፖርቶ ቫያርታ ገባ። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1991 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአናሎግ ዲቫይስስ ኩባንያ መሐንዲስ ፖል ብሮካው ነገሩን አቅልሎ ሁለት ትራንዚስተር ላይ አሳረፈው፤ ዛሬ የዓለም ተማሪ የሚማረው የእሱን ሥዕል ነው። ድምፅን፣ ሙቀትን፣ የባትሪን መጠን ወደ ቁጥር የሚቀይር አይሲ ሁሉ እንዲህ ያለ ቁና ይፈልጋል። ቁናው ከተዛነፈ ቁጥሩም ይዛነፋል።

እናንተ የደጀን ተማሪዎች፣ ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያሻችሁም። ከጠጋኝ ቤት አንድ አሮጌ ዳዮድና አንድ ቴስተር ተዋሱ። ማለዳ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጉና ቁጥሩን በሚሊቮልት ጻፉ። ዳዮዱን በእጃችሁ አትጨብጡት፤ የእጃችሁ ሙቀት ያሳስታል። ቀትር ላይ ድልድዩ ዘንድ ጥላ ሥር ጥቂት አቆዩትና እንደገና ለኩ። ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉት፤ በስንት ዲግሪ እንደሞቀ ይነግራችኋል።