የሙሳ (ዐ.ሰ) እንባና የጎንደር ጎረቤቶቻችን

ሰው ይፈራል፣ ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ ይደሰታል። ስለ ፈጣሪ «ተቆጣ»፣ «ራራ» ሲባልስ ምን ማለት ነው? ይህ ጥያቄ የእኛን ዑለማዎች ብቻ ሳይሆን ኦሪትን የሚያነቡትን አይሁዶችም ሲያነጋግር ኖሯል። ነገሩን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው የኖሩት ቤተ እስራኤሎች የራሳቸውን መልስ ትተው አልፈዋል። ሌላው ሰው «ፈላሻ» ወይም «ካይላ» ይላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ።

ኦሪት ስለ ፈጣሪ ቁጣ፣ ቅናትና ምሕረት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1204 በግብፅ ያረፈው ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ሙሳ ኢብን መይሙን «ደላለቱል ሓኢሪን» በተባለው በዐረብኛ በጻፈው መጽሐፉ፣ እነዚህ ቃላት የፈጣሪን ሥራ የሚገልጹ እንጂ እንደ ሰው የሚለዋወጥ ስሜት አለው ማለት እንዳልሆኑ አስተምሯል። እኛም አላህ (ሱ.ወ) ራሱን በእዝነትም በቁጣም እንደገለጸ እናምናለን፤ ነገር ግን እርሱን የሚመስል ምንም ስለሌለ ባሕሪውን ከፍጡር ባሕሪ ጋር አናመሳስልም።

የጎንደር ቤተ እስራኤሎች ተልሙድም ሆነ የኢብን መይሙን መጽሐፍ አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው በግዕዝ የተጻፈ ኦሪትና መነኮሳቶቻቸው ያቆዩላቸው ድርሳናት ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ «ትእዛዘ ሰንበት» ነው። በዚህ ድርሳን ሰንበት እንደ ሰው ሆና በፈጣሪ ፊት ትቆማለች፤ ስለ ኃጢአተኞች ትለምናለች፤ በሲኦል ያሉ ነፍሳትም በእርሷ ቀን ከቅጣት ያርፋሉ። ይህ ከእኛ እምነት ጋር አይስማማም፤ ያለ አላህ ፈቃድ የሚያማልድ የለምና። ይሁን እንጂ ከትረካው በስተኋላ ያለውን የልብ ጩኸት ልብ ይበሉ። የፈጣሪ ምሕረት ከቁጣው እንዲቀድም የሚሻ ልብ ነው። የአላህ እዝነት ቁጣውን እንደሚቀድም ደግሞ እኛም በሐዲስ ተምረናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን «ሞተ ሙሴ» የተባለው ድርሳን ነው። በዚህ ትረካ ሙሳ (ዐ.ሰ) ሞቱ መቅረቡን ሲያውቅ ይፈራል፤ እናቱን፣ ሚስቱንና ልጆቹንም በእንባ ይሰናበታል። ከሞቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው የልጆቹ ነገር ነው። ፈጣሪም ባሕሩን በበትሩ እንዲመታ ያዘዋል። ባሕሩ ሲከፈል ድንጋይ ይታያል፤ ድንጋዩም ሲመታ በውስጡ ትል ይገኛል። ያ ትል በባሕር ጥልቀት እንኳ ያልዘነጋውን ጌታውን ያመሰግናል። የሙሳም ልብ ያርፋል።

ይህን ታሪክ ስታነቡ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ቂሷ አልመሰላችሁምን? እውነትም ዝምድና አለው። ያዕቆብ ፋይትሎቪች የተባለ አይሁዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1906 የግዕዙን ጽሑፍ በፓሪስ ሲያሳትም ተመሳሳይ የዐረብኛ ትረካዎችን አብሮ አውጥቷል። እኛ የምናምነው በቁርኣንና በትክክለኛ ሐዲስ የመጣውን ነው። ቁርኣንም ቢሆን የሙሳን (ዐ.ሰ) ስሜት አልደበቀም። በትሩ እባብ ሲሆን መፍራቱን፣ ሕዝቡ ጥጃ ሲያመልክ ተቆጥቶ ጽላቶቹን መጣሉን፣ እናቱም ሕፃኑን ወንዝ ላይ ከጣለች በኋላ ልቧ ባዶ መሆኑን ይነግረናል። የነቢያት እንባ እምነት ማነስ አይደለም።

ቤተ እስራኤሎች ኀዘንና ደስታን በአንድ ቀን የሚያገናኙበት በዓልም አላቸው። ከአስተስርዮ ጾም 50 ቀን በኋላ በሚውለው «ስግድ» እንደ አምቦበር ባሉ መንደሮች ሕዝቡ እየጾመ፣ ገሚሱም ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ኮረብታ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን ያነባሉ፤ ሕዝቡም ንስሓ ይገባል፣ ኢየሩሳሌምን እያሰበ ያለቅሳል። ከዚያ ወርደው ጾማቸውን ፈተው በከበሮ ይደሰታሉ። የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት እንደነበር ያውቃሉ? «ስግድ»፣ «ስግደት»፣ «ሱጁድ»፣ «መስጂድ»፣ ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ በታሪክም ዕጣችን ተቀራራቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞችም ቤተ እስራኤሎችም ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። «እስላም አገር የለው፣ ሰማይ ዐምድ የለው» ሲባል አባቶቻችን የተሰማቸውን ያህል፣ ከርስት ተነጥሎ በብረት ቅጥቀጣና በሸክላ ሥራ የሚኖረው ጎረቤታቸውም ተሰምቶት ነበር። በእርሱ ላይ ግን ሌላ መከራ ተጨመረበት፤ እጁ ስለሠራ «ቡዳ ነው» ተባለ። ማረሻውን ከእርሱ እየገዛ፣ ልጁ ሲታመም እርሱን የሚከስ ሰው ጥቂት አልነበረም። ከዚህ ሐሜት የእኛ ቤቶች ሁሉ ንጹሕ ነበሩ ማለት እንችላለን? ቁርኣን መጥፎ ጥርጣሬንና በሕዝብ ላይ ማላገጥን የከለከለው ለሁሉም ዘመን ነው።

ዛሬ አብዛኞቹ በአገሩ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 ብዙዎች በእግር ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በ1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የሸክላ ሥራቸው መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል።

ልጆቻችሁ ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጠይቋችሁ ምን ትነግሯቸዋላችሁ? የቡዳን ተረት ነው ወይስ ልጆቹን እያሰበ ያለቀሰውን ሙሳን (ዐ.ሰ) ይወዱ እንደነበር? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነሥተው ቆሙ። አይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸውም፣ እርሱስ ነፍስ አይደለምን ሲሉ መለሱ። በእምነት እንለያይ ይሆናል፤ የጎረቤትን እንባ እንባ ነው ብሎ መቀበል ግን ከሱናችን ነው።

አላህ ልባችንን በእዝነት ይሙላልን። አሚን።