የወርቅ ጌጣጌጥ ሸማች መብት በኢትዮጵያ

የወርቅ ጌጣጌጥ ሸማች መብት በኢትዮጵያ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከተደነገጉት የሸማቾች መብቶች የሚመነጭ ነው። በአዋጁ መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብት አለው። ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ካራትና ሚዛን

የወርቅ ጥራት በካራት ይለካል። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ ወርቅ ይይዛል። ቀሪው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ማዕድን ነው። 10 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ሐብል 21 ካራት ተብሎ ቢሸጥ ገዢው የ1.25 ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ ያለአግባብ ይከፍላል። ልዩነቱን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ፈርጥን ከወርቁ ጋር መዝኖ በወርቅ ዋጋ ማስከፈልም ሸማቹን ይጎዳል።

ደረሰኝና ቅሬታ

ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ለጥሎሽ የተገዛ ወርቅ ግን ከዓመታት በኋላ ሊሸጥ ሲወጣ ብቻ የሚመረመር ከሆነ ጊዜው ያልፋል። «ሐብል» ብቻ የሚል ደረሰኝ ግዢውን እንጂ ጥራቱን አያስረዳም፤ ካራቱ፣ ግራሙና የእጅ ዋጋው ተለይተው ሊጻፉበት ይገባል። እንደ ጅማ ባሉ የክልል ከተሞች ቅሬታ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።