የነፍሰ ጡር ሆድ መቼ ይታያል?

የነፍሰ ጡር ሆድ ገፍቶ መታየት የሚጀምርበት ጊዜ ከሴት ሴት ይለያያል። የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ቀደም ሲል በወለደች ሴት ላይ ግን ፈጥኖ ሊታይ ይችላል። ሳምንታቱ የሚቆጠሩት የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው።

የማህፀን ዕድገት

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማህፀን በዳሌ አጥንቶች መካከል ስለሚገኝ ከውጭ አይታይም። በ12ኛው ሳምንት አካባቢ የላይኛው ጫፉ ከዳሌ አጥንት በላይ ብቅ ይላል፤ በ20ኛው ሳምንት ገደማ ደግሞ እምብርት ድረስ ከፍ ይላል። ከዚያ በፊት የሚሰማው የሆድ መነፋት በአብዛኛው የእርግዝና ሆርሞኖች የምግብ መፈጨትን ስለሚያዘገዩ የሚመጣ ነው።

የልዩነቱ ምክንያቶች

በቀደመ እርግዝና የላላ የሆድ ጡንቻ እና መንታ ማርገዝ ሆድ ቀድሞ እንዲታይ ያደርጋሉ። ረጅም ቁመት፣ ጠንካራ የሆድ ጡንቻ ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለ ማህፀን ግን ሊያዘገዩት ይችላሉ። የሆድን ቅርጽ አይቶ የጽንሱን ጾታ መገመት የተለመደ ቢሆንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ትክክለኛው መለኪያ

የሆድ ማነስ ወይም መግፋት ብቻውን የጽንሱን ጤንነት አያሳይም። የእርግዝናው ዕድሜ በተሻለ ሁኔታ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ወራት በሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ የጤና ባለሙያዎች ከዳሌ አጥንት እስከ ማህፀን የላይኛው ጫፍ ያለውን ርዝመት በሜትር ይለካሉ፤ በሴንቲ ሜትር የሚገኘው ቁጥር ከሳምንታቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ከሰፋ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል።

ክትትል ሆድ እስኪታይ አይጠብቅም

የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ በ12 ሳምንታት ውስጥ እንዲደረግ፣ በእርግዝናው ዘመንም በጠቅላላው ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንዲኖር ይመክራል። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መሠረት የሚጣለው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት ገደማ በመሆኑ፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ቢቻል ከእርግዝና በፊት መጀመር ይኖርበታል። ሆድ እስኪታይ የምትጠብቅ እናት ይህ ጊዜ ያልፋታል፤ የደም ማነስና የደም ግፊት ችግሮችም ሳይታወቁ ሊቆዩ ይችላሉ።

አንዳንድ ሠራተኞች ሥራቸውን እንዳያጡ በመስጋት እርግዝናቸውን ይደብቃሉ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የግል ዘርፍ የሥራ ግንኙነት ሕግ፣ ሠራተኛን በእርግዝና ምክንያት ማሰናበት የተከለከለ ሲሆን፣ 60 ቀን የወሊድ ፈቃድም ተፈቅዷል፤ ከዚህም 45ቱ ሙሉ፣ 15ቱ ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ናቸው። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ የራሳቸውን የሥራ ውልና መብት አስቀድመው ማረጋገጥ ይገባቸዋል።

ደም መፍሰስ፣ ከባድ የሆድ ወይም የራስ ምታት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፣ ወይም በኋለኞቹ ወራት የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ፣ ሆድ ቢታይም ባይታይም፣ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።