አዲሷ ጨረቃና ሰባቱ ምልክቶች፦ ከአሰላ ሆናችሁ የምትፈትኑት የቆየ ክርክር

ጥር አጋማሽ ላይ አሰላ ከሆናችሁ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ወደ ውጭ ብቅ በሉ። ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በጋ ስለሆነ ግን ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ቀና ስትሉ አናታችሁ ላይ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረው ታያላችሁ፤ የኦሪዮን መቀነት ይባላሉ።

አሁን ወደ ሰሜን ዙሩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ፣ ጡጫው ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ አንድ ጡጫ እንኳ አትሞላም፤ 8 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ይኸውም የአሰላ ኬክሮስ ነው። ግንቦት ላይ ደመናው ከፈቀደ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀልን ሁለት ጡጫ ያህል ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ለንደን ያለ እኩያችሁ ይህን ከቤቱ ደጅ በሕይወት ዘመኑ አያየውም። እናንተ ሁለቱንም ታያላችሁ።

በነገራችን ላይ «የሥነ ፈለክ ክበብ አቋቋምን» ስትሉ ጎረቤት «እስቲ የኔንም ኮከብ ቁጠሩልኝ» ቢላችሁ አትቀየሙ። በአገራችን ሰማይን ማየትና ዕጣን መናገር ለረጅም ጊዜ አንድ ላይ ሲጠሩ ኖረዋል። ሌላም ውርስ ግን አለን። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ ይተርካል፤ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮች በምሥራቅ፣ የምትገባባቸውን ስድስት በምዕራብ ይቆጥራል። ወደ ዘመናችን ስንመጣ ደግሞ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ2004 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተመረቀ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ቴሌስኮፕ ስለማይፈልገውና እስካሁን ስላልተዘጋው ክርክር ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. ኤርትራዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የቦረና ኦሮሞን የዘመን አቆጣጠር ጻፈ። ቦረና ከአርሲ ደጋ በስተደቡብ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። እዚያ አያንቱ የሚባሉ የቀን ቆጠራ ሊቃውንት ጨረቃን ከሰባት የኮከብ ምልክቶች ጋር እያስተያዩ ወሩን ይለያሉ። ምልክቶቹ ላሚ፣ ቡሳን፣ በከልቻ፣ አልገጂማ፣ አርብ ገዱ፣ ኡርጂ ወላ እና ባሰ ናቸው። ቡሳን ተሰብስበው የሚታዩት ፕሌያዲስ የምንላቸው ኮከቦች ናቸው፤ አርብ ገዱ ቅድም አናታችሁ ላይ ያያችሁት የኦሪዮን መካከል ነው፤ ባሰ ከሌሊት ኮከቦች ሁሉ ደማቋ ሲሪየስ ናት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በአዲስ ጨረቃና በስድስቱ ምልክቶች ይታወቃሉ (አርብ ገዱና ኡርጂ ወላ አንድ ወር ይጋራሉ)፤ የቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ጨረቃ ላሚ ጋ ስትደርስ ምን ያህል ሞልታ ወይም ጎድላ እንደሆነ ታይቶ። ዓመቱ 354 ቀን ነው።

ችግሩ የመጣው ነገሩ ሲሰላ ነው። እስቲ እናንተም ስሉት። ከአንዷ አዲስ ጨረቃ እስከ ቀጣዩዋ 29 ቀን ተኩል ነው። በዚህ ጊዜ ጨረቃ ሰማዩን አንድ ዙር ዞራ ወደ 29 ዲግሪ ትጨምራለች። ስለዚህ በየወሩ አዲሷ ጨረቃ ከኮከቦቹ አንጻር ያን ያህል ወደ ምሥራቅ ትሸሻለች። ከላሚ እስከ ባሰ ያለው ርቀት ግን 70 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው! ሁለት ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላ ምልክቶቹ ያልቃሉ። ታዲያ ስድስት ወር እንዴት ይበቃሉ?

በ1986 እ.ኤ.አ. ሎረንስ ዶይል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ መልስ አቀረበ፦ ጨረቃ ከኮከቡ ጎን መቆም አይጠበቅባትም፣ ኮከቡ በሚወጣበት የአድማስ ቦታ ላይ ከወጣች ይበቃል። ይህ ግን የዛሬውን ሳይሆን ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረውን ሰማይ ይፈልጋል፤ የምድር ዘንግ ቀስ እያለ ስለሚዞር ኮከቦቹ የሚወጡበት ቦታ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል። ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ ባለው ናሞራቱንጋ የሚገኙ 19 የድንጋይ ምሰሶዎች ወደ እነዚሁ ኮከቦች ያመለክታሉ የሚል ጽሑፍ በ1978 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ስለነበር፣ ሐሳቡ ብዙዎችን ማረከ። በኋላ ሌሎች ድንጋዮቹን ደግመው ለክተው ልኬቱን ተቹት። ማርኮ ባሲ ደግሞ ቦረና ድረስ ሄዶ የመስክ ዘገባውን በ1988 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

እኔን የሚከነክነኝ ነገር ቀላል ነው። አዲስ ጨረቃ የምትወጣው ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። በዚያ ብርሃን ስትወጣ ማን ያያታል? የምትታየው ማታ በምዕራብ ስትጠልቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አሰላ ትጠቅመናለች። በምሥራቅ ጭላሎ ተራራ ስለቆመ የሚወጡት ኮከቦች ዘግየት ብለው ነው ብቅ የሚሉት። ምዕራቡ ግን ወለል ያለ ነው፤ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፣ ታች የዝዋይ ሐይቅ አለ። መስከረም 13 አካባቢ ፀሐይ ልክ በምዕራብ፣ በዚያ አቅጣጫ ትጠልቃለች። ይህንን መነሻ አድርጉት። ክበባችሁ አንድ ቋሚ ቦታ ይምረጥ፤ የትምህርት ቤት ግቢ ጥግም ይበቃል። ከዚያ በየወሩ አዲሷ ጨረቃ የጠለቀችበትን ቦታ ከዚያ መነሻ ስንት ጡጫ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንደሆነ፣ አጠገቧ የትኛው ኮከብ እንዳለ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ሚያዝያ ላይ ቀጭኗ ጨረቃ ወደ ቡሳን ትጠጋለች፤ ኅዳር ላይ ቡሳን ዘንድ የምትደርሰው ሙሉ ሆና ነው። ልዩነቱን በዓይናችሁ ስታዩት የጨረቃን መሙላትና መጉደል ለቀን መቁጠሪያ መጠቀም እንዴት እንደሚቻል ወዲያው ይገባችኋል።

ክረምት ሲገባ ደብተራችሁ ባዶ ገጽ ይኖረዋል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜ የአርሲ ደጋ ሰማይ ብዙ አይገኝም፤ የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየውም በዚያው ሰሞን መሆኑ ያናድዳል። አያንቱዎቹ ደመና ሲጋርዳቸው ምን ያደርጉ ነበር? በቦረና አቆጣጠር 27 የቀን ስሞች አሉ፤ ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ስሞቹ ከወሩ ቀድመው ያልቁና እንደገና ይጀምራሉ፣ ቀጣዩ ወርም ሁለት ወይም ሦስት ስም ገፋ ብሎ ይገባል። ጨረቃ ባትታይም ስሞቹ መቆጠራቸውን አያቆሙም። ሰማዩ ሲገለጥ ቆጠራው ልክ መሆኑን ያዩ ነበር፣ ይመስለኛል።