የአዲስ አበባ ሜዳዎችና መናፈሻዎች

የዛሬው ንባባችን ስለ አዲስ አበባ ሜዳዎችና መናፈሻዎች ነው። ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ ዓይናችሁን ከመስመሩ ሳትነቅሉ ተከተሉኝ። ቁጥር ሲመጣ ጣታችሁን አሳርፉበት፤ እኔም አልቸኩልም።

መናፈሻ የሚለው ቃል ከነፋስ ጋር ዘመድ ነው። ሰው ከሥራው አረፍ ብሎ አየር የሚቀበልበት ቦታ ማለት ነው። አሁን አሁን ብዙዎቻችን ፓርክ እንለዋለን።

አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በመናፈስ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ይኖሩ የነበረው እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ደግሞ ብርድ ነው። ከተራራው በታች፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ቦታ፣ ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ውሃ አለ። እቴጌይቱና መኳንንቱ ለመታጠብ ይወርዱ ነበር። ድንኳን ተከሉ፤ ቦታው ደስ አላቸው፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ። አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

ከተማይቱ ስታድግ ማገዶ ጠፋ። የአካባቢው ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ አለቀና ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አሰቡ። ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ የእንጦጦ ደን የተተከለው ለሽርሽር ሳይሆን ለምድጃ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሴቶች ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ያንን ቁልቁለት ወረዱ! በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ሰዎች ለመዝናናት ሲወጡበት፣ እኔ ትዝ ያሉኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው።

በስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጋማቸው የጠቆረ አንበሶችን ለማየት ያልሄደ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ሌሎችም መናፈሻዎች ነበሩ፤ ብሔረ ጽጌ፣ አፍሪካ ፓርክ፣ አምባሳደር። ሆኖም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያዩ ጥቂት ነበሩ።

ትልቁ ሥራ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የወንዞችን ዳር 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማልማት ዕቅድ ወጣ። በግንቦት ወር ገንዘብ ለማሰባሰብ ገበታ ለሸገር የተባለ እራት ተዘጋጀ። የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። አዎ፣ በትክክል አነበባችሁ፤ አምስት ሚሊዮን። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ አንድነት ፓርክ ተከፈተ። ሕዝብ ከአጥር ውጭ ሆኖ ብቻ ሲያየው የኖረ ግቢ ነው፤ በሩ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ሲከፈት የመደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር። እስቲ በደብተራችሁ አስሉት፤ ለባልና ሚስት 400 ብር ይሆናል። የቀን ሠራተኛ ይህን ከየት ያመጣዋል? በጳጉሜ 2012 ዓ.ም. የወዳጅነት ፓርክ ተከተለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ የብስክሌት መስመሮችና የልጆች መጫወቻዎች ተሠሩ። ለዚሁ ሥራ በፒያሳና በካዛንቺስ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። አግዳሚ ወንበሩ ያምራል፤ በፊት እዚያ ደጃፍ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ጎረቤታሞች ግን ተበታትነዋል። ሁለቱንም መናገር ይገባል።

አሁን ወደ ጃንሜዳ ልውሰዳችሁ። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። የማስተምርበት ግቢ ጠባብ ነው፤ ልጆቹ ኳስ ሲመቱ መስኮት ይሰበራል። ስለዚህ ሜዳ ማለት ለእኔ እንደ ጠመኔ ነው፤ ያለሱ አይሠራም። ጃንሜዳ አበባ የለው፣ ፏፏቴ የለው። ሰፊ መሬት ነው፤ በቃ። ነገር ግን በጥምቀት ታቦታት ያድሩበታል፤ በገና ጨዋታ ሩር ይመታበታል፤ ፈረስ ይጋለብበታል፤ የአገር አቋራጭ ሩጫ ውድድር ይካሄድበታል። በአዘቦት ቀን ደግሞ የሰፈር ልጆች ድንጋይ አስቀምጠው ግብ ይሠራሉ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ገባ። በፒያሳ አትክልት ተራ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይተሻሽ ነበርና ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ ሰው ተራርቆ እንዲገበያይ ነው። ክረምቱ ሲገባ ግን ሜዳው ጭቃ ሆነ። የበሰበሰ ቲማቲም፣ የጎመን ቅጠልና የሽንኩርት ልጣጭ ከጭቃው ጋር ተቦካ። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ነጋዴውም ደስ አላለውም፤ ሸቀጡ በጭቃ ላይ ነው። ወራት አለፉ፤ ጥምቀት ተቃረበ፤ ሕዝቡ ታቦታቱ የት ሊያድሩ ነው ብሎ ተጨነቀ።

በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጽዳቱ ሆነ። ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጡ፤ ቆሻሻው እየተዛቀ ተጫነ። በዚያው ዓመት ጥምቀት ታቦታቱ እንደ ልማዳቸው ጃንሜዳ አደሩ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ሄድኩ። ሣሩ ገና አልበቀለም፤ እዚህም እዚያም የሽንኩርት ልጣጭ ይታይ ነበር። አንዱ ልጅ ጫማውን አውልቆ ሁለት ቦታ አስቀመጠና ግብ ሠራ። ኳሱን እኔው ነበርኩ የያዝኩት፤ "መምህር፣ ወርውሩት እንጂ!" አሉኝ።